የጊንጡ አደራ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ ጃቢር፣

አሰላሙ ዐለይኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንተና ካርቱም ለምትገኙ የጎንደር ልጆች በሙሉ አንድ ከባድ ዜና በክብር አሳውቃለሁ፤ ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ። ለስልሳ ስድስት ዓመታት ቤተሰባችንን በቅንነት ስታገለግል የኖረችው፣ በየረመዳኑ የመጀመሪያዋን ተምር ስትቀበል የነበረችው፣ ክር በመበጠስ ችሎታዋ በመላው አዲስ ዓለም አቻ ያልተገኘላት የፊት ጥርሴ፣ ባደረባት መነቃነቅ ምክንያት ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከድዴ ተሰናብታለች። እንደ ልጅነቴ ጣሪያ ላይ ወረወርኳት። ቆርቆሮው ግን አልቀበልም ብሎ አንከባሎ መለሳትና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ተቀምጦ ሲሰፋ የኖረው አብዱልባሲጥ ኮፍያ ላይ አረፈች።

አንስቶ አገላብጦ አያትና፣ «ዐብደላ፣ ሰማዩ ጥርስ ማብቀል ጀመረ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተን ሊነክስ ነው» አልኩት።

ዜናው ይኸው ነው። ሳቅ እንግዲህ፤ ከዚህ በታች የሚያስቅ ነገር ማግኘትህን እንጃ። ጥርሷን ያስቀደምኳት ሌላውን ሞት መናገር ፈርቼ ነው።

ጃቢር፣ ጊንጥህ ሞቷል። ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ስትደውል፣ ከእናትህ ጀርባ ቆሜ «ደህና ነው! ከእኔ የተሻለ ይበላል!» እያልኩ የምጮኸው ሁሉ ውሸት ነበር። በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። ስልኩ የእናትህ ነው፤ እሷ አጠገብ ስቆም ደግሞ ምላሴ የእሷ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሹፌሩ አድማሴ ሰሊጥ ሊጭን መተማ ሲወርድ ይዞልኝ ይሄዳል። ድንበሩን አልፎ ከገላባት ወዲያ እጅህ የሚያደርስ ሰው አያጣም።

ያመጣኸው ቀን አይረሳኝም። ግንቦት ነበር። ከአድማሴ ጋር የጭነት ረዳት ሆነህ ዛሪማ ደርሰህ ተመለስክና ሱቄ ገባህ። አንድ የማርማላታ ጠርሙስ በሁለት እጅህ አቅፈሃል፤ ክዳኑ በሚስማር ተበሳስቷል።

«ምንድን ነው?» አልኩህ።

«ጊንጥ ነው፣ አያ።»

«እኔ ሙሽራ ስጠብቅ አንተ ጊንጥ ይዘህልኝ መጣህ?»

አልሳቅህም። ከመኪናው ጎማ ሥር ድንጋይ ስታነሱ እናቱ ተጨፍልቃ እንደነበር፣ ልጆቿን በሙሉ ጀርባዋ ላይ አዝላ እንደነበር፣ ሌሎቹ ተበትነው ይሄ አንዱ ብቻ ጫማህ ሥር ተለጥፎ እንደቀረ ነገርከኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከገብስ ፍሬ አይበልጥም። ያች ገብስ ግን ጭራዋን አቁማ ልትዋጋኝ ተነሳች። እናትህ ዙህራ ስትሰማ «እኔ ያለሁበት ቤት አይገባም!» ብላ ጮኸች፤ በዚህ ምክንያት ጊንጥህ የሱቄ ነዋሪ ሆነ። አብዱልባሲጥ ጫማውን አውልቆ ተነሳ። «በመካ ሐረም ውስጥ እንኳ ሊገደል የተፈቀደ ፍጥረት ነው። አንተ ልትቀልበው ነው?» አለ።

«እዚህ ሐረም አይደለም። በዚህ ሱቅ የሚገደለውንና የሚቀለበውን የምለየው እኔ ነኝ። አንተን ስንት ዓመት ቀለብኩህ?» አልኩት።

ይኼ አፌ ነው፣ ጃቢር። አንዳንዴ ያድናል። ያንተ ዕለት ግን አላዳነም።

የዒዱን ቀን ማለቴ ነው። እስከ ዛሬ አላነሳሁብህም፤ አንተም አላነሳህብኝም። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ አርባ ሰው ይሆናል። አንተ ማስታጠቢያውን ይዘህ እጅ ታስታጥባለህ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስክ ሁለት ዓመትህ ነበር፤ ለሥራ የተመዘገብክበት ሁሉ ስምህን መዝግቦ ዝም ያለበት ጊዜ። ከድብ ባሕር የመጣው ዘመዳችን ደግሞ ጊዜ መርጦ «ጃቢር አሁን ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ሊመልስ የሚገባው አንተ ነበርክ። አፍህንም ከፍተህ ነበር፤ አይቻለሁ። እኔ ቀደምኩህ።

«ጃቢርማ ጊንጥ ያሳድጋል» አልኩ። «አትቸኩሉ፣ ጊንጡ ከእሱ ቀድሞ ሥራ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ጃቢርን እሱ ይጦረዋል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተም ሳቅህ። የምታፈስልኝ ውሃ ግን እጄን አልፎ እጅጌዬን እስከ ክርኔ አራሰው። ያን ጊዜ እንኳ አላቆምኩም፤ «ጊንጡ ቢያስታጥበኝ ይሻለኝ ነበር» ብዬ ደገምኩ። ዳግመኛ ተሳቀ። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር እኔ እጨምራለሁ፤ ይኼ አመሌ ነው። ዝምታህን እንደ ቀዳዳ አየዋለሁና በቀልድ ልጥፈው እሞክራለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንተ በሌሊት ወደ ካርቱም ሄድክ፤ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጠርሙሱ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ። ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ፤ ልጻፈው ግን፣ ሳይገባኝ አጠፋሁት እንዳልል። «አያ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትንሽ በረሮ ወይም ፌንጣ ስጠው። ውሃ በቆርኪ፤ ከአሸዋው አንድ ጥግ ብቻ ይርጠብ። ብርድ አይችልም። በእጅህ አትንካው፣ ወረንጦ ተጠቀም። ሆዱ ተነፍቶ መብላት ሲያቆም ቆዳ ሊቀይር ነውና አትነካካው፤ ቢያቅተው እንኳ እንዳትረዳው። ሦስት ጊዜ ቆዳ ቀይሮ በሕይወት ካገኘሁት መጥቼ ከጎንህ እቀመጣለሁ፣ መርፌህንም እይዛለሁ። ከሞተ ግን አትጥራኝ።»

ስም እንኳ አልፈረምክበትም። «ጊንጡ ከእሱ ቀድሞ ሥራ ይይዛል» ላልኩት መልሱ ይህ መሆኑ ገብቶኛል። ሥራ ሰጠኸው፤ እኔን የሚጠብቅ ሥራ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በንዴት አሳለፍኩ። አንድ ጊዜ ልደፋው ጠርሙሱን ይዤ ደጅ ወጥቼ ነበር። ከዚያ ውስጡን አየሁ። የሰጠኸው የዛፍ ቅርፊት ሥር ተሸጉጧል፤ ሁለት መቆንጠጫዎቹ ብቻ ይታያሉ፣ ልክ በር ላይ ተቀምጦ ሰው እንደሚጠብቅ። መለስኩት።

ጀማሪ ነበርኩና ያላበላሸሁት የለም። ውሃ እንዲጠግብ ብዬ አሸዋውን ጭቃ አደረግሁት፤ በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ሽታው ጉንዳን ጠራ፤ ጉንዳኖቹ በክዳኑ ቀዳዳ ገብተው ሲያዋክቡት በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ውሃ በሞላ ሳህን መሃል ማስቀመጥ ተማርኩ። ፌንጣ ብሰጠው ፌንጣው ከእሱ አምስት እጥፍ ይበልጣልና ሊበላው ቀርቶ ሸሸው። «ደካማ!» ብዬ ሰደብኩት። መላውን የነገረኝ ጎረቤታችን ላቀው ነው። ስንት ዘመን ሳይንስ ያስተማረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያስተምረው አጥቶ ነበርና እኔን ሲያገኝ ደስ አለው። «አያ ዐብደላ፣ የሕፃን ምግብ ስጠው። የበረሮ ጫጩት ፈልግለት» አለኝ።

የበረሮ ጫጩት ከየት ይመጣል? ከሰው ጓዳ። የላቀውን ባለቤት ለተ ማርያምን ልጠይቅ ሄድኩ።

«ለተ ማርያም፣ በረሮ ይኖርሻል?»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ምን አልከኝ?»

«በረሮ። ትንንሽ ቢሆን ይሻላል።»

«ምነው አያ ዐብደላ! በእኔ ቤት በረሮ? ሰው በሽምግልናው ይመርቃል እንጂ እንዲህ ይሳደባል? ሂድና ከእህትህ ጓዳ ፈልግ!»

በማግሥቱ ግን በክብሪት ቀፎ ሦስት በረሮ ላከችልኝ፤ «ከጎረቤት የመጡ ናቸው በልልኝ» የሚል መልእክት ጭምር። ያችን የመጀመሪያዋን በወረንጦ ሳቀርብለት ቅርፊቱ ሥር ሆኖ ጠበቃት፤ ጠበቃት፤ ከዚያ እኔ ሳላየው በመቆንጠጫዎቹ ይዟታል። አብዱልባሲጥ እንኳ ቀሚስ መስፋቱን ትቶ ተነስቶ አየ። «ሱብሐነላህ» አለ ቀስ ብሎ። ጫማውን ግን አላጠለቀም ነበር።

ለብርዱ ደግሞ ካውያውን አሰብኩ። የከሰሉን ካውያ ልብስ ተኩሼ ስጨርስ ጠርሙሱ አጠገብ አኖረዋለሁ፤ ሙቀቱን በጀርባ እጄ እየለካሁ አቀርባለሁ፣ አርቃለሁ። ጎንደር ላይ በነሐሴ ለቆላ ፍጥረት ሌላ ምን ይደረጋል? ደንበኛ ሲመጣ «ሱሪዬ ደረሰ?» ይላል፤ አብዱልባሲጥ «ጊንጡ ሲሞቅ ይደርሳል» ይመልሳል። እኔ ደግሞ ከጊንጥህ ጋር አወራለሁ። ቀልዴ የማያቆስለው ፍጥረት በሕይወቴ አንድ አገኘሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፤ ሌላው ደርቆ የተቀመጠ። እንግዳ መጣበት ብዬ ላቀውን ጠራሁ።

«ቆዳውን ቀይሮ ነው፣ አያ። ያ የደረቀው ባዶ ነው» አለኝ።

ባዶውን በወረንጦ አወጣሁት፤ መዳፌ ላይ አድርጌ በመነጽሬ አየሁት። ሃምሳ ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያለ ልብስ አላየሁም። እስከ እግር ጥፍሩ፣ እስከ ጭራው መርፌ ድረስ አንድ ስፌት የለውም። በአንገትጌው በኩል ብቻ ተከፍቶ ራሱን መዞ ወጥቷል። አርብ ስትደውል ስልኩን ከእናትህ እጅ ነጥቄ «አንድ ቀየረ! ሁለት ቀረው!» ብዬ ጮህኩ። አንተም ሳቅህ። ከዒዱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅህ ናት። ያን ቀን ለአብዱልባሲጥ «ጃቢር መጣ ማለት ነው» አልኩት፤ ከማዶ ጥግ ያለውን ወንበር ጠራርጌ፣ በላዩ የተከመረውን ብትን ጨርቅ አነሳሁ። ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እየተሳነው መሆኑን ለማንም አልነገርኩም፤ ክሩን የሚያስገባልኝ አብዱልባሲጥ ብቻ ያውቃል። አንተ ከመጣህ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ታኅሣሥ መጣ። የዚህን አገር የታኅሣሥ ብርድ ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን። ጊንጥህ ሆዱ ተነፍቶ መብላት ካቆመ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። ወረቀትህን አንብቤ አልነካካሁትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስገባ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። አንገትጌው ተከፍቷል፤ ራሱና ሁለት መቆንጠጫዎቹ ወጥተዋል። የቀረው አሮጌው ልብስ ውስጥ ነው። ይገፋል፤ ያርፋል፤ ይገፋል።

«አትረዳው» ብለሃል። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አብዱልባሲጥን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ እንዳልሳሳት። «ቢያቅተው እንኳ እንዳትረዳው ይላል» አለኝ። ካውያውን አቀረብኩ። ተቀመጥኩ። የዙሁር ሶላት አለፈ። ጊንጡ እንደዚያው ነው፤ መግፋቱ ብቻ እየሳሳ ሄደ። የዐስር ሶላት ሲደርስ አንዲት እግሩን ብቻ እያነቃነቀ ነበር።

አንድ ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ተይዞ ቢቀር እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ? እኔ አልቻልኩም። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል? ጉሮሮው እንዲለሰልስ ቅቤ ይዋጣል። ለደረቀ ቆዳ ምን ይደረጋል? ቅቤ። ለታመመ አናት? ቅቤ። አንተ በተወለድክ ቀን ቅቤ ያዋጠችህ ይህችው የቀኝ ጠቋሚ ጣቴ ናት፤ ጠብተሃትም አልጠገብክም። ለተ ማርያም ዘንድ ሄድኩ፤ የነቢያት ፆም ስለነበር የቅቤ ማሰሮዋ አልተነካም። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለታማሚ» አልኳት። አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ በቅጠል አድርጋ ሰጠችኝ።

አብዱልባሲጥ «ዐብደላ፣ ልጁ ተው ብሎሃል» አለኝ።

«ልጁ እዚህ የለም» አልኩት።

ቅቤውን በካውያው ላይ አቅልጬ፣ በዶሮ ላባ ጫፍ ነክሬ ቀባሁት። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ከዚያ በወረንጦ ገልብጬ ሆዱን። አሮጌው ልብስ ሲለሰልስ አየሁ። በጣም ደስ አለኝ። «እንዲህ ነው እንጂ!» እያልኩ ሆዱን ደገምኩለት። እግሩ አንድ ጊዜ ተዘረጋች። አልተጠቀለለችም።

ላቀው ሲመጣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ቅቤ ቀባኸው?»

«እንዲያሟልጨው።»

«አያ ዐብደላ፣ የጊንጥ አፍንጫው ሆዱ ላይ ነው። ከሆዱ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው።»

ማስተማር የሚወድ ሰው በዚያ ማቆሙ ገደለኝ። ባልነካው ይወጣ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ምናልባት እስከ ነገ ይወጣ ነበር። ምናልባትም አይወጣም ነበር» አለኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እሞታለሁ። የአዝራር ማስቀመጫዬን ቆርቆሮ አራግፌ እሱን አስገባሁት። አብዱልባሲጥ የዚያን ቀን ሳይቀልድ መኪናውን ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ለእናትህ ስነግራት የምትከትፈውን ሽንኩርት ጣለች። «አባየ፣ አትነግረውም» አለች መጀመሪያ። «ስለ ሊቢያ ያወራውን ሰምተሃል። ጊንጡ እንደሞተ ከሰማ ይሄዳል።» ሰምቻለሁ። ካርቱም የምታድሩበት ክፍል ውስጥ ከስምንታችሁ ሦስቱ እንደሄዱ፣ የሚያሻግር ሰው እንዳገኘህ ነግረኻት ነበር። እሷም በራሷ መንገድ አድማሴን ላከች፤ ከዛሪማ ሌላ ጊንጥ ይዞላት መጣ። ጥቁር ነው፣ አውራ ጣቴን ያክላል።

«ይሄ እኮ ለእሱ አባቱ ይሆናል!» አልኳት።

«ጊንጥ ጊንጥ ነው።»

«ግመልም ጊንጥም ጭራ አላቸው፤ ግመል አስመጭለት በይኛ!»

በዚያች አርብ ደወልክና «አያን አገናኙኝ» አልክ። «ጊንጡ ምን ያህል ደረሰ?» ስትለኝ ዓይኔ ጥቁሩ ላይ ነበርና «አውራ ጣቴን ያክላል» አልኩ። ዝም አልክ። ያችን ዝምታ እስከ ዛሬ እተረጉማታለሁ፤ አውቀህብኝ ይሆን እላለሁ። ከዚያ «ማሻአላህ! ምን አበላኸው?» ብለህ ሳቅህ። «እንግዲያው አንድ ቆዳ ቀርቶታል ማለት ነው። አያ፣ የሊቢያውን ሰው ቆይ ብዬዋለሁ።»

እናትህ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ውሸቴ ሠራ፣ ጃቢር። ከእውነቴ ሁሉ የተሻለ ሠራ። ይህን አውቄ ነው የምጽፍልህ።

ስንጣላ ከረምን። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» ትለኛለች። «ባሕር ከሚበላው በጊንጥ ተታሎ ካርቱም ቢቀመጥልኝ ይሻለኛል።»

«ሲመጣስ?» እላታለሁ። «ጠርሙሱን ሲከፍትስ?»

«ይምጣልኝ እንጂ! ሲመጣ እኔን ይርገመኝ።»

እሷ እናት ናት፤ እውነት አላት። እኔ ግን መምጫህን አስባለሁ። ከአውቶቡስ ወርደህ በቀጥታ ሱቄ ትገባለህ፤ ጠርሙሱን ታነሳለህ፤ ጥቁሩን ታየዋለህ። ያኔ ምን ትላለህ? አያቴ እንደገና ሳቀብኝ ትላለህ። በአርባ ሰው ፊት አንድ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ ድፍን አገር አቋርጠህ። ያን ፊትህን ዳግመኛ ከማይ አንተን ባላይ ይሻለኛል ብዬ ጻፍኩ፤ ይኼንንም እንደጻፍኩ ባሕሩ ትዝ አለኝና ፈራሁት፤ ልሰርዘው ነበር።  ይኸው አልሰረዝኩትም፤ ግን ያ እንዲሆን አልፈልግም። ጥቁሩን ጊንጥ አድማሴ ወዳመጣበት ዛሪማ መልሶ ለቆታል። ጠርሙሱን አጥቤዋለሁ።

እናትህም ቢሆን ባለፈው ሐሙስ ልብስ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «በል ጻፍለት፤ እንደ ሰው ይወቀው» አለችኝ።

እንግዲህ የዒዱን ነገር ይቅር በለኝ። ያን ቀን አንተ ልትመልስ ነበር፤ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ አላስወራሁህማ። ሥራ ማግኘት አለማግኘትህ አላሳፈረኝም ነበር። ከአጠገቤ እንድትቀመጥ ፈልጌ «ና ከእኔ ጋር ሥራ» ማለት ከበደኝ፤ ለሰው ልጅ ደህና ቃል ሲናገር ምላሱ የሚታሰር ሰው ነኝ፤ ለመንከስ ሲሆን ግን እንደምታውቀው ነው።

«ከሞተ አትጥራኝ» ብለሃል። አልጠራህም። በቃልህ ታስሬያለሁ፤ ውርርዱንም በገዛ ጣቴ ተሸንፌዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ካርቱም ያቆየህ ነገር የለም፤ የያዘህን ክር ቆርጬልሃለሁ፤ ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ እሱም መጥራት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ባሕሩን አትሻገር። ሌላ አልልም። ብትሻገርም ዱዓዬ ይከተልሃል፤ ዱዓዬ ግን መዋኘት አይችልም።

አሁን የመጨረሻውን ልናዘዝ፤ ከዚህ ወረቀት ውስጥ አንድ ውሸት ይዤ ወደ ቀብሬ አልሄድም። ስለ ጊንጡ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ቅቤውም፣ ላባውም። እናትህ ግን «ጻፍለት» አላለችኝም። ልብስ ማጠቧ እውነት ነው፤ ጀርባዋን መስጠቷም እውነት ነው፤ ቃሉን እኔ ጨመርኩበት። ደፍሬ ስነግርህ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳይሆን ሰው ፈለግሁ። መጻፌን አታውቅም። አርብ ስትደውል ጊንጡ ሸጋ አድርጎ በላ ትልሃለች፤ አንተም «አልሐምዱሊላህ» በላት።

አያትህ ዐብደላ